«በኋላ» የሌለው ፊልም፦ ከጅማ የዘማች ቤተሰቦች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዘጋቢ ፊልሙ አሠሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ግልባጭ፦ ፊልሙን በቴሌቪዥን ለተመለከተ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችን ከጅማ ይድረስዎ።

እኛ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር የዘመቱ ሰዎች ሚስቶች፣ ልጆች፣ እኅቶችና ወንድሞች ነን። ከዘማቾቹ መካከል እስከ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሁለት አባቶችም አብረውን ፈርመዋል። መሥሪያ ቤትዎ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ የነበረውን የቤተሰብ ሕይወት ያሳያል ብሎ ላሠራው ዘጋቢ ፊልም በራችንን የከፈትን 14 ቤተሰቦች ነን። ይህን ደብዳቤ በሁሉም ስም የምጽፈው የኮሚቴው ጸሐፊ ከዘማቾቹ የአንዱ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲዘምት እናቴ እኔን አርግዛ ነበር።

ወደ አደባባይ የወጣነው ቸኩለን አይደለም። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል፤ መልስ አላገኘንም። በስልክ የጠየቅን ጊዜ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ተመራን። በመጨረሻም ሁለት ሰዎች መርጠን አዲስ አበባ ላክን። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከደረሱት አንደኛው በክራንች የሚሄዱ አባት ናቸው። ጥበቃው «ቀጠሮ የላችሁም» ብሎ ከበር መለሳቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ ያልጻፍነው ማንንም ለማሳጣት ስላልተነሣን ነው፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ደብዳቤውን ሲያነብ ያውቀዋል።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ላስታውስዎ። ባለሙያዎችዎ ወደ ጅማ የመጡት በጥቅምት ወር፣ የቡና ለቀማው ሲጀምር ነበር። ቆጪ፣ መንደራ፣ ጊንጆና ጅረን እየዞሩ ለ23 ቀናት ቀረጹ። ያሉን ነገር ደስ የሚያሰኝ ነበር፦ «ስለ ጦርነቱ ብዙ ተነግሯል፤ እኛ የምንፈልገው ቤታችሁን ነው። ከመዝመታቸው በፊት ምን ትበሉ ነበር፣ ማን ቡና ያፈላ ነበር፣ ከዘመቱ በኋላስ ያ ወንበር ባዶውን እንዴት ቆየ?» እናቶቻችን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አግኝተው አያውቁም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ «የዘማች ቤተሰብ» ተብለው ሲጠሩ ስለ ዘማቹ ይጠየቃሉ እንጂ ስለ ቤተሰቡ የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ተናገሩ። ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ሁሉ ተናገሩ። ገንዘብ አልጠየቅንም፤ ቡና አፈላን፣ ምሳ አቀረብን፣ ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረድን፣ ደብዳቤ ከሣጥን አወጣን።

የ90 ደቂቃ ፊልም ይሆናል ተብለን ነበር። የታየው የ34 ደቂቃ ፊልም ነው። የመጀመሪያው ምርቃት አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ፤ የእኛ የጥሪ ወረቀት ጅማ የደረሰው ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ነው። በቴሌቪዥን በተላለፈበት ምሽት ግማሹ ሰፈር መብራት አልነበረውም። ይህን እንደ ጥፋት አንቆጥረውም። የሚያሳዝነን ፊልሙን በኋላ በልጆቻችን ስልክ ላይ ያየን ዕለት ያገኘነው ነገር ነው።

ከ34ቱ ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የማህደር ምስል ነው። ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ የተሰለፈው፣ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ይታያል። ታንክ ይታያል። መድፍ ይታያል። ካራማራ ተራራ ከሩቅ ይታያል። እነዚህን ምስሎች ያላየ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? በየዓመቱ የካቲት 26 ሲደርስ በየጣቢያው ይታያሉ፤ ወደፊትም ይታዩ፤ እኛም ቆመን እናያቸዋለን። ነገር ግን ለእነዚያ ምስሎች ወደ ጅማ መምጣት አያስፈልግም ነበር። በየትኛውም ማህደር ያልነበረው የቤታችን ነገር ነው፤ እርሱ ተቆርጦ ወደቀ።

የእናቴን ጉዳይ ላስቀድም፤ የማውቀው እርሱን ነውና።

አባቴ ጅማን የለቀቀው በግንቦት 1969 ዓ.ም. ነው። የጭነት መኪኖቹ ወደ ጊቤ በሚወስደው መንገድ ሲወጡ እናቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አባቴ ወሬ ጠፋ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ሲያዝ ከተማው በደስታ ወጣ፤ እናቴም ወጣች፤ እኔን ታቅፋ ነበር። አባቴ ግን ከተመለሱት መካከል አልነበረም። አንድ ጓደኛው «ሲወድቅ አይቻለሁ» አላት። ለቅሶ ተቀመጠች፤ ማቅ ለበሰች፤ ተዝካሩን አወጣች። በ1974 ዓ.ም. ቤተሰቦቿ ደጋግመው ሲለምኗት አንድ ደግ ሰው አገባች። እኔ አባቴ ብዬ ያደግሁት እርሳቸውን ነው።

አባቴ አልሞተም ነበር። ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር ሶማሊያ ውስጥ እስረኛ ነበር። የሁለቱ አገሮች መሪዎች በ1980 ዓ.ም. ተስማምተው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የጦር እስረኞችን ሲያመላልስ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገቡ። ስማቸው በአገር የታወቀው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከ11 ዓመት እስር በኋላ የተመለሱት በዚያ ጊዜ ነው። ስማቸው ካልታወቀው መካከል አባቴ አንዱ ነበር።

ወደ ቤታችን የመጣ ዕለት ይዘንብ ነበር። የእንጀራ አባቴ በሩን ከፈቱ። አንድ ከሲታ ሰው ካፖርቱ ውኃ እያንጠባጠበ ቆሟል። የእናቴን ስም ጠርቶ ጠየቀ። የእንጀራ አባቴ ማን እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ያወቁት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ምንም ሳይጠይቁ ተቀምጠውበት የነበረውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወደ እሳቱ አስጠግተው «ይቀመጡ» አሉት። በርጩማው ራሱ ከአባቴ ቤት የመጣ ነበር። እናቴ ከጓዳ ረከቦቱን ይዛ ስትወጣ አየችው። ረከቦቱን አልጣለችም። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አስተካከለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ማታ ላይ «እንግዳው የሚሄዱት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሽማግሌዎች ለሦስት ቀን ተቀመጡ። እናቴ ከእንጀራ አባቴ ሁለት ልጆች ወልዳ ነበርና ባለችበት እንድትቆይ ተወሰነ፤ አባቴ ራሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለው። በአቅራቢያችን ቤት ተከራየ። በየሐሙሱ፣ ለገበያ ቀን፣ ከእኛ ጋር ምሳ ይበላ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ። ሁለቱ ሰዎች አንድም ቀን ሲጨቃጨቁ አልሰማሁም። ብዙም ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

እናቴ ይህን ሁሉ በካሜራ ፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ እንዲያቆሙላት ጠየቀች፤ የካሜራ ባለሙያው አቆመላት፤ ለዚያ ሰው ዛሬም እናመሰግናለን። በፊልሙ ላይ የቀረው 40 ሰከንድ ነው። እናቴ ቡና ስትቀዳ ትታያለች፤ ድምፅዋ አይሰማም፤ ተራኪው «ባለቤታቸው ዘምተው በድል ተመለሱ» ይላል።

በድል አልተመለሰም፣ ክቡር ሆይ። ከእስር ቤት ነው የተመለሰው፤ ተዝካሩ ወደ ተበላለት ቤት ነው የተመለሰው። እናቴ ያንን ዓረፍተ ነገር ስትሰማ ያለችው «ታዲያ እኔ ምን አድርጌ ነው ሌላ ያገባሁት ይበሉኝ?» ነው። ባሏ በድል ተመልሶ እርሷ ሌላ ሰው ቤት የተገኘች አስመስሎባታል። ጎረቤት የሚያውቅ ያውቃል፤ የልጅ ልጆቿ የክፍል ጓደኞች ግን አያውቁም። ሰባዎቹን የተጠጋች ሴት በፊልም ምክንያት ለሰፈር ልጅ ታሪኳን እንደ አዲስ ማስረዳት ነበረባት።

ለምን ተቆረጠ ብለን ስንጠይቅ በስልክ ሁለት የተለያየ መልስ ተሰጥቶናል። አንዱ «ሰዓት አልበቃንም» የሚል ነው። ሁለተኛው «የጀግንነቱን መንፈስ ያደበዝዛል» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ማርሹንና ታንኩን በማሳጠር መፍታት ይቻል ነበር። ሁለተኛው ግን አንጀታችንን ቆርጦታል። 11 ዓመት በሰው አገር ወኅኒ ቤት ቆይቶ፣ ተመልሶ ሚስቱ በሌላ ቤት ስትኖር አግኝቶ፣ ሽማግሌ ፊት «ልጆቹ እናት ያስፈልጋቸዋል» ብሎ የተነሣ ሰው የጀግንነት መንፈስ ያደበዝዛል? ፊልማችሁ ጦርነቱ የካቲት 1970 ዓ.ም. ላይ እንዳለቀ ይናገራል። በካርታ ላይ ልክ ነው። እኛ ቤት ያለቀው ነሐሴ 1980 ዓ.ም. ነው፤ አላለቀም የሚሉ ቤቶችም አሉ።

ሁለተኛው ቅሬታችን የቆጪ ሰፈሯን እናት ይመለከታል። እኚህ እናት አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ የተቀረጹትም በኦሮምኛ ሲናገሩ ነው። ባላቸው ከግንባር የላከላቸው የመጨረሻ ደብዳቤ ጥር 1970 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን በግዕዝ ፊደል፣ በኦሮምኛ ቋንቋ ነው። በዚያን ጊዜ ማንበብ ስለማይችሉ የቀበሌው ጸሐፊ አነበቡላቸው። ደብዳቤውን በጨርቅ ጠቅልለው አኖሩት። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ነበሩ። የተማሩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ደብዳቤ ሰው ሳያስፈልጋቸው ለማንበብ። ፊደል ቆጥረው፣ ወራት ፈጅቶባቸው አንድ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን አነበቡት። ጸሐፊው ያላነበቡላቸው አንድ መስመር አገኙ፦ ካልተመለስኩ አትጠብቂኝ፣ ዕድሜሽ ገና ነው የሚል። ጸሐፊው አዝነውላቸው ዘለውት ኖሯል። ሰውየው አልተመለሱም። እርሳቸውም ጠበቁ፤ እስከ ዛሬ ሌላ አላገቡም።

ይህን የሰማነው እኛ ጎረቤቶቻቸውም ከቀረጻው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረው አያውቁም። ፊልማችሁ ምን አደረገ? ደብዳቤውን በስክሪኑ ላይ አሳየ፤ ተራኪው በላዩ ላይ ስለ እናት አገርና ስለ ጠላት የሚናገር ሌላ ጽሑፍ «አነበበ»። ተራኪው ያነበበው ቃል ደብዳቤው ላይ የለም። ኦሮምኛ የሚያውቅና ፊደል የቆጠረ የጅማ ሰው ሁሉ ምስሉን አቁሞ ሊያረጋግጥ ይችላል። እናትየውም አረጋግጠዋል፤ ለዚሁ ነበርና የተማሩት። በኦሮምኛ «ልቤ እንቢ እያለኝ ሸኘሁት» ያሉትም በአማርኛ «በደስታ ሸኘሁት» ሆኖ ወጥቷል። በአንድ ሕይወት ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው የባላቸውን ቃል ለውጦ አነበበላቸው፤ የመጀመሪያው በርኅራኄ ነበር።

ጅማ ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚናገር ሰው በየቤቱ ሞልቷል። ተርጓሚ ጠፍቶ አይደለም፤ የጠየቀ ጠፍቶ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የስሕተት ነው። ከመንደራ አንድ ቤተሰብ ልጃቸው ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋን ከወራሪው ለመከላከል በተደረገው ውጊያ መውደቁን ከጎኑ የነበረ ባልደረባው ቤታቸው ድረስ መጥቶ ነግሯቸዋል፤ በየዓመቱም በነሐሴ ያስቡታል። ፊልሙ ካራማራ ላይ ገደለው። ካራማራ ታላቅ ስም ስለሆነ ክብር የጨመራችሁለት መስሏችሁ ይሆናል። ግን ድሬዳዋ ባትጠበቅ ኖሮ ካራማራ አይኖርም ነበር፤ ይህን ለእናንተ መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለንም ነበር። አባትየው 94 ዓመታቸው ነው። «የልጄን መሞቻ እንኳ ቀየሩብኝ» ይላሉ።

በክራንች የሚሄዱትን አባት ደግሞ ሜዳሊያቸውን አስደርጋችሁ አንድ ደቂቃ አቁማችኋቸዋል። ባለሙያዎችዎ ግን ሙሉ ቀን የዋሉት በሥራ ቦታቸው ነበር። ሰውየው ከመዝመታቸው በፊት አናጺ ነበሩ፤ አንድ እግራቸውን ትተው ተመልሰው በዚያው ሙያ ስድስት ልጅ አሳደጉ። ከዋንዛ ግንድ አንድ በርጩማ ከወጥ እንጨት ሲፈለፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀርጸዋል። ባለ አራት እግሩ ወለሉ ካልተስተካከለ ይንገዳገዳል፣ ባለ ሦስቱ ግን በየትኛውም መሬት ላይ ይቆማል እያሉ ለካሜራ ባለሙያው ያስረዱ ነበር፤ በርጩማውንም ጎርባጣው ደጃፋቸው ላይ አቁመው አሳዩት። ከዘመቻ በፊት የጀመሩትን ሥራ ከዘመቻ በኋላ እንደገና ለመማር፣ እንጨቱን በአንድ እግር አግደው ለመያዝ፣ ሁለት ዓመት እንደ ፈጀባቸው የተናገሩት በዚያ ጊዜ ነው። «በፊትና በኋላ» ማለት ከዚህ የበለጠ ምን ሊሆን ይችላል? አንድም ምስል አልቀረም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደን ነገር እንመጣለን፤ ንብረታችን። ከ14 ቤተሰቦች 31 ፎቶግራፎች፣ ስድስት ደብዳቤዎችና አንድ የሜዳሊያ የምስክር ወረቀት «በስካነር አንሥተን በሁለት ሳምንት እንመልሳለን» ተብሎ ተወስዷል። ዝርዝሩ በእጃችን አለ፤ የእናንተ ባለሙያ ፈርሞበታል። እስከ ዛሬ አንድም አልተመለሰም። የፈረምነው የስምምነት ቅጽም አራት ገጽ ነው፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ፤ ከእናቶቻችን ብዙዎቹ በጣት አሻራ ነው የፈረሙት፤ ቅጂው ለማናችንም አልተሰጠንም። ምን እንደ ፈረምን እንኳ ማንበብ አንችልም።

ፎቶግራፎቹ ምን እንደሆኑ የማያውቅ ሰው «ቅጂ አላችሁ አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። የለንም። የእናቴና የአባቴ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። ሊዘምት ሦስት ቀን ሲቀረው በከተማው ፎቶ ቤት የተነሡት ነው። አባቴ የለበሰው ኮት የተዋሰው ነው፤ እጅጌው አጥሮት የእጁ አንጓ ይታያል። እናቴ በግራው ቆማ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ሆዷን ለመሸፈን ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብሎ ጽፎበታል። ማለት፣ ያ ፎቶግራፍ ላይ ሦስት ሰዎች አለን። በፊልሙ ላይ የሚታየው አንድ ነው። እናቴን ቆርጣችሁ አውጥታችኋታል፤ በአባቴ ትከሻ ላይ የጣቷ ጫፍ ብቻ ቀርቷል፤ የማን ጣት እንደሆነ ተመልካች አያውቅም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። እኛ ፈቃድ የሰጠነው ለቤተሰባችን ታሪክ ነው። ለሌላ ታሪክ ማስጌጫ እንዲሆን አልፈቀድንም።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን የትግላችንን ሐውልት ብዙዎቻችን አይተነዋል። እዚያ በዚያ ጦርነት ከእኛ ጋር ተሰልፈው የወደቁ የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ በክብር ተሰድሯል። ይገባቸዋል። ከሩቅ አገር መጥተው ለእኛ ሞተዋል። የእኛ ወንዶች ፎቶግራፍ ያለበት ግድግዳ ግን የእናቶቻችን ቤት ግድግዳ ብቻ ነበር። አሁን እዚያም ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የወሰዳችሁት ንብረት በዝርዝሩ መሠረት በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይመለስ። የጠፋ ወይም የተበላሸ ካለ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ ዝምታው ከመጥፋቱ ይከብደናል።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ እስኪታረም ድረስ እንዳይተላለፍ። «በድል ተመለሱ» የሚለው ይውጣ፤ የድሬዳዋው ዘማች ወደ ድሬዳዋ ይመለስ፤ ደብዳቤው ላይ የተደረበው ትረካ ተነሥቶ የተጻፈው ቃል፣ ባለቤቷ ከፈቀዱ ብቻ፣ በትክክል ይነበብ፤ የተቆረጠው ፎቶግራፍ ሙሉውን ይታይ። በኦሮምኛ የተናገሩ እናቶች ድምፃቸው ይሰማ፤ ትርጉሙ በግርጌ ጽሑፍ ይቅረብ፤ ትርጉሙን ከመውጣቱ በፊት እኛ እንድናየው ይደረግ።

ሦስተኛ፣ ቃል የተገባው የ90 ደቂቃ ፊልም ይዘጋጅ። ቀረጻው በእጃችሁ ነው፤ አዲስ ወጪ የሚጠይቀው ቅንብሩ ብቻ ነው። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታየው ጅማ ይሁን፤ እሑድ ከሰዓት ይሁን፤ ሐሙስ ገበያ ነው፤ እናቶች አይመቻቸውም። አዳራሹን እኛ እናፈላልጋለን፤ ቡናውንም እኛው እናፈላለን።

አራተኛ፣ ያልተቆራረጠው ቀረጻ ለየቤተሰቡ ይሰጥ፤ አንድ አንድ ቅጂም ለጅማ ሙዚየምና ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ከቀረጻው በኋላ ሁለት እናቶች አርፈዋል። ድምፃቸው የቀረው በእናንተ ማከማቻ ውስጥ ብቻ ነው፤ ልጆቻቸው ሊሰሙት ይገባል። የስምምነት ቅጹ ቅጂም አብሮ ይሰጠን።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ አንዱን ብቻ አስቀድሙልን። የቆጪ ሰፈሯ እናት ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሐኪም የዓይናቸው ሞራ መገፈፍ አለበት ብሏቸዋል፤ እርሳቸው ግን ደብዳቤው ሳይመለስ አልሄድም ብለዋል። ደብዳቤው በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፣ በአራት የታጠፈ፣ በመታጠፊያው ላይ በሰም የተለጠፈ ነጠላ ወረቀት ነው። በፖስታ አይላክ። አንድ ሰው ይዞት ይምጣ፤ ከመናኸሪያ ተቀብለን እርሳቸው ዘንድ እናደርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር

በፊልሙ የተቀረጹ 14 ቤተሰቦች ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የዘማች ልጅ
ሁለት በሕይወት ያሉ የቀድሞ ዘማቾች
የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የዘማች ሚስት
ጅማ